ብስክሌቷ ተሠርታ አልቃለች፤ ፈቃዱስ?

ለተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊና ባለሙያዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ አንዲት ብስክሌት ለበጎ አድራጎት በቶምቦላ ዕጣ እንድትወጣ ላቀረብነው ማመልከቻ የጽሑፍ መልስ ስለመጠየቅ

የመሥሪያ ቤታችሁን ስም ከአድራሻው ላይ ሆን ብለን ትተነዋል። ደብዳቤው ለማን እንደተጻፈ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ሌላው አንባቢም በየአካባቢው እንዲህ ያለ በር አንኳኩቶ ስለሚያውቅ ስም አያስፈልገውም። ፋይላችን ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ ከደጅ ምን እየሆነ እንዳለ ብታውቁ መልሱ ይፈጥናል ብለን አምነን ነው የምንጽፈው።

ከማመልከቻው ጋር ያያያዝነው የብስክሌቷ ፎቶግራፍ በኮፒ ማሽን ጠቁሮ ስለነበር ምን እንደምትመስል አላያችሁም። ስለዚህ የቅሬው፣ ማለትም የዕድራችን፣ ጸሐፊ እንደመሆኔ ከእሷ ልጀምር።

ቴላዮዋ የፊኒክስ ነው፤ ያ በአባቶቻችን ዘመን የመምህሩም የጤና ረዳቱም መጓጓዣ የነበረው ወፍራሙ የቻይና ብስክሌት። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ከጓሯቸው፣ ዶሮ ሲያድርበት የኖረውን አውጥተው ሰጡን። በያጁ ላይኛውን አግዳሚ ቱቦ ቆርጦ ዝቅ አደረገው፤ ቀሚስ የለበሰች ልጅ እግሯን ብዙ ሳታነሣ እንድትወጣበት ነው። አግዳሚው ሲወርድ የቴላዮው ጥንካሬ ስለሚቀንስ ከሥሩ ሌላ ቱቦ ደግፎ በየደበት። ለሁሉም ያስከፈለን የኤሌክትሮዱን ዋጋ ብቻ ነው።

ከዚያ የዳገቱ ነገር መጣ። አገሩን የሚያውቅ እንደሚያውቀው አርዲቦ የሚባለው ሐይቃችን ስሙም «ሐይቅ» ከሆነው ታላቅ ወንድሙ ከመቶ ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ውሃ ነው፤ ሲተርፈውም ወደዚያው ወደ ሐይቅ ይወርዳል። ጠዋት ከአርዲቦ ዳር ተነሥቶ ሐይቅ ከተማ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ቁልቁለቱ ያግዘዋል። ከሰዓት በኋላ ግን ያንኑ መንገድ በባዶ ሆዱ ይወጣዋል። ፊኒክስ ማርሽ የለውም፤ ለሜዳ ነው የተሠራው፤ ባሕር ዳር ላይ ሸጋ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን ባለቤቱን ያስገፋል። ስለዚህ ከተሰበረ ማውንቴን ብስክሌት ላይ ማርሹን ፈታን። ከፔዳሉ ጋር የሚዞረው ባለ ጥርስ ብረት ትንሽ፣ የኋላው ትልቅ ሲሆን አንድ ዙር ፔዳል የሚያስኬደው ርቀት ያጥራል፤ በምትኩ እግር ይቀለዋል። ይህንን ለማመጣጠን የባጃጅ መካኒኩና አንድ የፊዚክስ መምህር ሲከራከሩ ያመሹት ነገር ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር፤ ተማሪዎቹ ከብበው ቆመው ነው የሰሙት።

የፊኒክስ ፍሬን በብረት ዘንግ የሚሳብ ስለሆነ በዝናብ ጊዜ አይታመንም። እሱን አውጥተን በገመድ የሚሳብ ፍሬን በሁለቱም ጎማ ላይ አደረግን። ኩሽኔታዎቹን ባጃጅ ጠጋኞች፣ ካላማዳሪያዎቹን ጎሚስታው ሰጡ። ካቴናዋ ብቻ በገንዘብ የተገዛች አዲስ ናት። ፖርቶ መጋላዋ ከፌሮ የተሠራ ሆኖ ከተለመደው ሰፋ ይላል፤ ሁለት ጀሪካን ወይም የዓሣ ዕቃ በግራና በቀኝ ማንጠልጠል ይቻልበታል። ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው ያንን የጠየቁት፤ ዕጣው ከመካከላቸው ለአንዱ ቢደርስ ቆሮሶ ዓሣውን በትከሻው ተሸክሞ ከመውረድ ይገላግለዋል። ከመሪው ፊት የምትንጠለጠለውን ቅርጫት እናቶች ከአለላ ሰፍተውላታል። ቀለሟ ከባጃጅ የተረፈ ሰማያዊ ነው፤ በፓራፋንጎዋ ላይ ደግሞ የአይሱዙ በር ላይ ጥቅስ የሚጽፈው ሠዓሊያችን «አርዲቦ» ብሎ በቢጫ ጽፎባታል። «ቅናት ያደክማል» ልበልባት ብሎ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ አልፈቀዱም። ወሎ ነውና ስታልቅ ሼሁም ቄሱም መርቀዋታል።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ዕቃዋን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። ይህች ብስክሌት ዋጋዋ ምን ያህል ነው ተብለን ስንጠየቅ ደረሰኝ ማቅረብ ያልቻልነው ለዚህ ነው። ካቴናዋ፣ ኤሌክትሮዱና ጥቂት ዳዶዎች ደረሰኝ አላቸው። የቀረው ሰው ከቤቱ ያመጣው ነው። የዋጋ ግምት ያስፈልጋል ካላችሁ፣ ያስፈልጋልም፣ ገማች መድቡልንና ይየው። «ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ዕጣ ላይ አይወጣም» የሚለው መልስ ግን በእርዳታ የተሠራን ነገር ሁሉ ከመጀመሪያው የሚዘጋ ነው።

የዕጣው ገንዘብ ለምን እንደሚውል በማመልከቻው ላይ በሁለት መስመር ብቻ ስለጻፍን እዚህ እናብራራው። ከአርዲቦ ዙሪያ ቀበሌዎች መጥተው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚማሩ ልጆች ሁለት ምርጫ ነው ያላቸው። ወይ በየቀኑ በእግር ወርደው ይወጣሉ፤ ወይ ከተማ ቤት ተከራይተው፣ እሑድ እሑድ ስንቃቸውን ከቤት ተሸክመው እየመጡ፣ ሳምንቱን ደረቅ እንጀራ ይበላሉ። የኪራዩ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ ከትምህርት የምትቀረው ሴቷ ልጅ ናት፤ ወላጅ ልጁን ብቻዋን በኪራይ ቤት ማሳደርም ስለሚፈራ። በዕጣው ገንዘብ ያገለገሉ ብስክሌቶች ተገዝተው፣ እንደዚህችው ለዳገቱ ተስተካክለው፣ የትምህርት ቤቱ ንብረት ሆነው ለተማሪዎች በውሰት ይሰጣሉ። የመለዋወጫውን ወጪ ቅሬው ይሸፍናል። በያጁና መካኒኩ ለትልልቆቹ ተማሪዎች ጥገናውን ሊያሳዩ ቃል ገብተዋል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ሞተር አልባ የትራንስፖርት ስትራቴጂ እግረኛንና ብስክሌተኛን አስቀድሙ ይላል። እኛ ይህን ለማድረግ የበጀት ጥያቄ አላቀረብንም። የጠየቅነው በሃያ ብር የሚሸጥ ትኬት ላይ ማኅተም እንድታደርጉልን ነው።

አሁን ወደ ቅሬታችን። ማመልከቻውን ያስገባነው ኅዳር ላይ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ነበር። ወቅቱን አስበን ነው። በእኛ አገር ሰው እጁ ላይ ገንዘብ የሚኖረው ታኅሣሥና ጥር ነው፤ ከዚያ በኋላ ዘር አለ፣ ማዳበሪያ አለ፣ ክረምት አለ። መጀመሪያ የተነገረን «ሕጋዊ ሰውነት ያለው ድርጅት ያመልክት» የሚል ነበር። በወሎ ቅሬ የምንለው፣ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ማኅበር አብዛኛውን ጊዜ በበጎ አድራጎት ድርጅትነት አይመዘገብም፤ የእኛም አልተመዘገበም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ራሱ ዕድርና ዕቁብን ከአዋጁ ተፈጻሚነት ውጭ አድርጓቸው ነበር፤ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ማኅበራት አስጨንቆ ማስመዝገብ አያስፈልግም ብሎ ስላመነ ይመስለናል። እኛን ለማቅለል የተተወው ነገር አሁን በር መዝጊያ ሆነብን። ቅሬያችን ድንኳን አለው፣ ብረት ድስት አለው፣ የባንክ ሒሳብ አለው፣ በሁለት ፊርማ ነው ገንዘብ የሚያወጣው፤ ሰው ሲሞት ቀባሪ አጥቶ አያውቅም። ለአንድ ቀን ዕጣ ግን ሰው አይደለም ተባለ።

ቀጥሎ «ጉዳዩ አዲስ አበባ ነው የሚያልቀው» ተባልን። እውነት ነው፤ ሎተሪ የማጫወትና ለሌላው የመፍቀድ ሥልጣን በሕግ የተሰጠው ለብሔራዊ ሎተሪ ነው፤ ከ1954 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየ ተቋም ነው፤ ቅሬታችን ከእሱ ጋር አይደለም፤ ገና ደጁን አልረገጥንም። አዲስ አበባ ከእኛ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የሁለት ሰው የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ከሚሸጠው ትኬት ምን ያህሉን እንደሚበላ ማስላት ለእናንተ አይከብድም። ቢሆንም እንሂድ አልን። ለመሄድ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሸኚ ደብዳቤ። እሱንም «ከላይ መመሪያ ሳይመጣ አንጽፍም» አላችሁን። መመሪያ እንዲመጣ የሚጠይቅ ደብዳቤ ደግሞ ማን ይጻፍ?

ከሁሉ የከፋብን ግን እስካሁን የተሰጠን መልስ አንዱም በወረቀት ላይ አለመሆኑ ነው። «አይቻልም» የሚል ደብዳቤ ቢሰጠን ይግባኝ የምንልበት እናውቅ ነበር። «ይህ ይጎድላል» ቢባል እናሟላ ነበር። በቃል የተነገረ ነገር ግን ባለሙያው ሲቀየር አብሮት ይሄዳል፤ አዲሱ ከሀ ይጀምራል። መዝገብ ቤት የገባው ማመልከቻችን ቁጥር አለው፤ መልሱ ግን ቁጥር የለውም።

እስከዚያው ብስክሌቷ የቅሬው ዕቃ ቤት ውስጥ ከድንኳኑና ከብረት ድስቶቹ ጋር ተቀምጣለች። ለቅሶ በተነሣ ቁጥር ድንኳኑን ለማውጣት እሷን ቀድመን እናወጣለን፤ ሐዘንተኛው ሁሉ ያያታል። ቆማ የምትውል ጎማ ንፋሷ ይወርዳል፣ ላስቲኳም ይደርቃል፤ ጎሚስታው እየመጣ ይነፋታል። ከጎማው ይልቅ ግን የሰዉ ወሬ ነው ያስቸገረን። ኅዳር ላይ ትኬት መቼ ይሸጣል ብሎ ይጠይቀን የነበረ ሰው የካቲት ላይ ብስክሌቷ ተሸጠች ወይ ብሎ ይጠይቅ ጀመር። ከዚያ ወዲህ አንዳንዱ ጭራሽ አይጠይቅም፤ ዝም ብሎ ያየናል። አለላ የሰፉት አንዲት እናት «ልጄ፣ ቅርጫቷን ብትመልሱልኝስ?» ብለውኛል፤ ልባቸው ቢያዝን ነው። አንድም ትኬት አልሸጥንም፤ ፈቃድ ሳይኖር መሸጥ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ስለምናውቅ የታተሙት ትኬቶች በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ከብስክሌቷ ጎን ናቸው። ሕግ ያከበረ ሰው ሕግ ከጣሰ ሰው እኩል በጥርጣሬ ሲታይ ግን ለሚቀጥለው ደቦ ማን ይነሣል?

የጥብቅነታችሁን ምክንያት አንክድም። በበጎ አድራጎት ስም ትኬት ሸጦ የጠፋ አለ። መኪና ያወጣል የተባለ ቶምቦላ የማውጫው ቀን «ተራዝሟል» እየተባለ ከዓመት ዓመት ሲንከባለል፣ ሰዉ ትኬቱን ኪሱ ውስጥ አሳጥቦት የረሳው ጊዜ አለ። ሕዝብ እንዳይጭበረበር መጠበቅ ሥራችሁ ነው፤ ጠብቁን። ነገር ግን ጥበቃው ከአደጋው ጋር ይመጣጠን። በየከተማው ዋና መንገድ ላይ ወጣቱ በፈቃድ በተከፈተ የስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ የእንግሊዝ ቡድን ይሸነፋል አይሸነፍም እያለ የቀን ሥራውን ገንዘብ ሲያስይዝ አይተናል፤ ያንን በር ያገኘው ሳይቸገር ነው። ያው ወጣት ሃያ ብር ከፍሎ ለጎረቤቱ ልጅ ትምህርት የሚረዳ ዕጣ መቁረጥ ግን አልቻለም። ዕጣ በራሱ ነውር ነው እንዳይባል፣ ለታላቁ የሕዳሴ ግድብ በ8100 መልእክት እየላክን ዕጣ ስንጠብቅ የነበርነው እኛው ነን፤ በኩራት ነው የላክነው።

ሌላው አገር ይህን ነገር እንዴት እንደፈታው ለመጠየቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም ይባል ይሆናል፤ እኛ ግን ስለጠቀመን አየነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው የቁማር ሕግ ትልቁን ሎተሪና ትንሹን የማኅበር ሎተሪ ለያይቷቸዋል። ለትንሹ የሚመዘገበው በዋና ከተማ ሳይሆን እዚያው በአካባቢው ምክር ቤት ነው፤ የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ 40 ፓውንድ፣ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ 20 ፓውንድ ነው። በአንድ ዕጣ የሚሸጠው ትኬት ከ20,000 ፓውንድ እንዳይበልጥ፣ ከገቢው ቢያንስ 20 ከመቶው ለዓላማው እንዲውል፣ ከዕጣው በኋላም ሒሳቡ ለምክር ቤቱ እንዲቀርብ ያዝዛል። በትምህርት ቤት በዓል ላይ እዚያው ተሸጦ እዚያው የሚወጣ ዕጣ ደግሞ ጭራሽ ምዝገባ አያስፈልገውም። የእነሱ ገንዘብና የእኛ አንድ አይደለም፤ ቁጥሩን እንዳለ አምጡልን አላልንም። ትንሹ ነገር ሲያጠፋ ጥፋቱን ሊያይ የሚችለው በቅርብ ያለ ሹም ነው የሚለው ሐሳብ ግን ለሐይቅም ለአምባሰልም ይሠራል። የእኛን ዕጣ አዲስ አበባ ያለ ሰው ሊቆጣጠረው አይችልም። እናንተ ግን ከቢሯችሁ ወርዳችሁ በዓይናችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

የምንጠይቀው እንግዲህ ይህ ነው። ከሁሉ በፊት ለማመልከቻችን በፊርማና በማኅተም የተደገፈ መልስ ስጡን፤ ፈቃድም ይሁን ክልከላ። ሥልጣኑ የእናንተ ካልሆነ፣ ሥልጣኑ ወዳለበት በሸኚ ደብዳቤ እናንተው ምሩን፤ ደብዳቤው በፖስታም በኢሜይልም ሊሄድ ስለሚችል እኛ መጓዝ ላያስፈልገን ይችላል። አመልካቹ ቅሬ መሆኑ የማይፈታ ችግር ከሆነ የትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት ያመልክት፤ ቅሬው ዋስ ይሁን፤ በዚህ የሚከፋ ሰው የለንም። ይህም እንደሚቻል ወይም እንደማይቻል በጽሑፍ ንገሩን። እስካሁን የሆነው ግን አንዱን መንገድ ስናነሣ ሌላውን፣ ሌላውን ስናነሣ የፊቱን መባል ነው።

በእኛ በኩል የምንገባውን ግዴታ አስቀድመን እንናገራለን። ትኬቱ ሁለት ሺህ ብቻ ነው፤ በተራ ቁጥር የታተመ፣ ጉርድ ያለው ነው። እያንዳንዱን ማኅተም አድርጉበት፤ ማኅተም የሌለው ትኬት ዋጋ የለውም ብለን በሼሁም በቄሱም በኩል እናስነግራለን። ገንዘቡ በየሳምንቱ በቅሬው ሒሳብ ይገባል፤ የባንክ ወረቀቱን ኮፒ ለእናንተ እናደርሳለን። ያልተሸጠ ትኬት ከዕጣው በፊት በፊታችሁ ይቆጠርና ይቃጠላል። ዕጣው በገበያ ቀን፣ በአደባባይ፣ የእናንተ ተወካይና ፖሊስ ባሉበት፣ ለአቅመ ትምህርት ያልደረሰ ሕፃን እጁን አስገብቶ ያወጣዋል። ቀኑ አይራዘምም፤ ትኬቱ በግማሽ ቢቀር እንኳ ብስክሌቷ በዕለቱ ለባለ ዕድሉ ትሰጣለች። የቅሬው አመራርና ቤተሰቡ ትኬት አይቆርጥም፤ በያጁም እንዲሁ፤ ይህንን ሲሰማ ትንሽ ከፍቶታል። ከዕጣው በኋላ በአንድ ወር ውስጥ ስንት እንደገባ፣ ምን እንደተገዛ፣ የትኛው ተማሪ እንደወሰደ የሚያሳይ ወረቀት በቀበሌው ግድግዳም በእናንተም ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከዚህ ሌላ ቅድመ ሁኔታ ካላችሁ ጨምሩበት።

አንድ ነገር ለብቻ እናክል። ይህ ፈቃድ ለእኛ ብቻ የተደረገ ውለታ ሆኖ እንዲቀር አንፈልግም። በአንድ ገጽ የሚያልቅ አሠራር ብታወጡ፣ ማለትም እስከዚህ ገንዘብ ድረስ፣ በዚህ ዓይነት ዋስ፣ በእነዚህ ሰነዶች፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል የሚል ወረቀት በበራችሁ ላይ ብትለጥፉ፣ ነገ የጤና ጣቢያ አጥር ለማሠራት በግ በዕጣ ልታወጣ የምትፈልግ መንደር የእኛን ያህል አትንከራተትም። ረቂቁን ለመጻፍ ጡረታ የወጡት መምህር ፈቃደኛ ናቸው፤ የብስክሌቱ ባለቤት የነበሩት።

ይህን ስንጽፍ ግንቦት ነው፤ ያለፈው አዝመራ አምልጦናል። በክረምቱ ማንም ትኬት ስለማይገዛ አሁን አትቸኩሉ፤ መልሱ ትምህርት ቤት ሲከፈት፣ በመስከረም ወር ውስጥ እንዲደርሰን ነው የምንጠብቀው። ያኔ ጥቅምትና ኅዳርን ለማኅተሙ፣ ታኅሣሥን ለሽያጩ አድርገን ጥር ላይ ዕጣውን ማውጣት እንችላለን። ለዕጣው ዕለት ከመካከላችሁ ማን እንደሚመጣ በመልሱ ላይ ብትገልጹልን ወንበር እናዘጋጃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር
በአርዲቦ ዳር የሚገኘው ቅሬ ጸሐፊ፣ ስለ አባላቱ

ግልባጭ፦
ለቅሬው ዳኛ
ለትምህርት ቤቱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረት
ለበያጁ፣ ለጎሚስታውና ለባጃጅ መካኒኩ
ቅርጫቷን ለሰፉት እናቶች